ለ«አምስት ኪሎ» የወጣ ገንዘብ፦ መኪና ለማይስማማው ትንሽ ውሻ የገዛኋቸው ዕቃዎች

በአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂንያ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናዬ ውስጥ ያስመለሱት ተሳፋሪዎች ሰባት ብቻ ናቸው። አምስቱ ቅዳሜ ሌሊት የጫንኳቸው ሰካራሞች ነበሩ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሰባተኛው ከአውሮፕላን የወረዱ ምስኪን ሽማግሌ ናቸው፤ ይቅርታ እየጠየቁ በገዛ መሐረባቸው ሊጠርጉልኝ ሲታገሉ አሁንም ይታዩኛል። ስምንተኛው ተሳፋሪ የሰባቱን ድምር በአንድ ወር ውስጥ በለጠው። ሒሳብም አይከፍልም።

ስሙ ኦሊቨር ነው፤ ያወጣችለት ልጄ ናት። ከሺትዙና ከምን እንደሆነ ካልታወቀ ሌላ ዘር የተዳቀለ፣ ነጭና ቡናማ፣ ፀጉራም ፍጡር ነው። ልጄ ብላክስበርግ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማደሪያው ውሻ ስለማይፈቅድ እኔና እናቷ ላይ ጥላው ሄደች። እኔ ቡቺ እለዋለሁ። ቡና የምንጠጣበት ቤት ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ ክብደቱን ጠይቀው ሲረዱ «አምስት ኪሎ» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም ጸና። «ዛሬ አምስት ኪሎ እንዴት ዋለ?» ብለው ሲጠይቁኝ የሚሰማ እንግዳ ስለ አዲስ አበባ ሰፈር የምናወራ ይመስለዋል።

ደሴ ሳድግ እኛም ቤት ውሻ ነበር። ግቢ ይጠብቃል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ሌሊት ከጅብ ጋር ይነታረካል፤ ከደጃፉ አልፎ ምንጣፍ ሲረግጥ ያየው የለም። መኪና ላይ መውጣትማ ለእኛ ለልጆቹም ብርቅ ነበር። ስለዚህ ውሻን መኪና ላይስማማው እንደሚችል ያወቅሁት በስተርጅና ነው፤ ያወቅሁበትንም ዋጋ ከነሳንቲሙ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ታክሲ ነጂ ደረሰኝ አይጥልም።

ልጄን ልንጠይቅ መጀመሪያ የወጣን ቀን፣ ከቤታችን እስከ ብላክስበርግ ከ4 ሰዓት ብዙ የማይበልጠው መንገድ 7 ሰዓት ፈጀብን። ማናሳስ ሳንደርስ ቡቺ ማዛጋት ጀመረ። እንቅልፉ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ከንፈሩን ደጋግሞ ላሰ፤ ለሃጩ እንደ ክር ተንጠለጠለ፤ ወዲያው በባለቤቴ ነጠላ ላይ ቁርሱን አወጣው። ፍሮንት ሮያል ላይ ደገመ። ኢንተርስቴት 81 ገብተን በከባድ መኪናዎች መሐል ስንሄድ ሆዱ ባዶ ሆኖ ቢጫ አረፋ ብቻ ያወጣ ነበር። ማዛጋቱ፣ ከንፈር መላሱና ለሃጩ የማቅለሽለሽ ምልክት መሆናቸውን ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ ነጠላው ይተርፍ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ የሚንጠለጠል መቀመጫ ነው። 46 ዶላር። ከኋላው መቀመጫ የራስ መደገፊያ ላይ በሁለት ቀበቶ ይታሰራል፤ ውስጡ እንደ በግ ለምድ ለስላሳ ነው። ውሻው ከፍ ብሎ በመስኮት ውጭውን ካየ አያጥወለውለውም ይላል ማስታወቂያው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የውስጠኛው ጆሮ «እየሄድን ነው» ሲል ዓይን ደግሞ «የለም፣ ቆመናል» ብሎ ሲከራከረው ነው የሚያጥወለውለው፤ ዓይን ርቆ ማየት ከቻለ ክርክሩ ይበርዳል። ነገር ግን መቀመጫው ራሱ ይወዛወዛል። ፍሬን ስይዝ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ስታጠፍ ወደ ጎን ይዋልላል። መኪና ላልተስማማው ውሻ በመኪናው ውስጥ ጀልባ ጨመርኩለት ማለት ነው። ይባስ ብሎ የውስጡ ጨርቅ አይወልቅም፣ አይታጠብም። ለሚያስመልስ ውሻ የማይታጠብ መቀመጫ ማን እንዳሰበው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ባለቤቴ ምድር ቤት ሰቅላው ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች። ለሽንኩርት እጅግ ጥሩ ዕቃ ነው።

በአውቶቡስ ከደሴ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ለዚህ በሽታ የራሱ መድኃኒት አለው። እናቴ ጣርማ በርን የምታልፈው ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ረዳቱ ደብረ ሲና ሳንደርስ ገና ፌስታል ማደል ይጀምራል። ያንን አስቤ ሎሚ ቆርጬ ለቡቺ አቀረብኩለት። እንደ ተሰደበ ሰው ፊቱን አዞረና አነጠሰ። ለካ ውሾች አብዛኞቹ የሎሚና የብርቱካን ሽታ ይጠላሉ። ዝንጅብልም ሞክረናል፤ በጥብጠን ጥቂት ጠብታ ሰጠነው። መጠጣቱንስ ጠጣ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዝንጅብሉን ከነመዓዛው መለሰልን። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ራሱ በአውሮፕላን ሲሄድ የሚውጠውን ክኒን ግማሹን እንድሰጠው መከረኝ። ይህን እንኳ አላደረግሁም፤ የሰው መድኃኒት ለውሻ በግምት አይሰጥም፤ እኛን የማይነካን ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ እንኳ ውሻን ይገድላል።

ቀጥሎ የመጣው ሰውነትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ሰደርያ ነው። 39 ዶላር ከ95 ሳንቲም። ሕፃን በአንቀልባ ሲታዘል እንደሚረጋጋው ሁሉ ውሻም ጥብቅ ተደርጎ ሲያዝ ይረጋጋል ይላሉ። ቡቺ ለብሶት ሐውልት ሆነ። አልተንቀሳቀሰም፣ አልጮኸም፣ ምራቁን እንኳ የዋጠ አይመስልም፤ እኔም ተረጋጋ ብዬ አመስግኜ ነዳሁ። ከቤታችን አራት ሕንፃ ሳንርቅ ሐውልቱ አስመለሰ። ነጎድጓድ ለሚያስፈራው የጎረቤታችን ውሻ ይህ ዓይነት ልብስ እንደጠቀመው ባለቤቱ ምላ ነግራኛለች፤ አምናታለሁ። የሆድ ነገር ግን በሰደርያ አይታሰርም።

የሚረጨው መድኃኒት ትንሽ ይሻላል። የምታጠባ ውሻ ከጡቷ አካባቢ የምታወጣውንና ቡችሎቿን የሚያረጋጋውን ጠረን አስመስለው በፋብሪካ ሠርተውታል። እኛ ምንም አይሸተንም። ውሻው ላይ አይረጭም፤ የሚተኛበት ጨርቅ ላይ ተረጭቶ፣ አልኮሉ እስኪተን 15 ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ነው ውሻው የሚገባው። ማልቀሱን የቀነሰለት መስሎኛል። መስሎኛል ነው የምለው፤ ባለቤቴ ያነጠፈችለት አሮጌ ጋቢም በዚያው ሰሞን ነበር የገባለት፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሠራ ለይቼ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። ጠርሙሱ 27 ዶላር ነው፤ ጋቢው በነፃ።

እስከዚህ ድረስ 113 ዶላር ገደማ አውጥቼ ነበር፤ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ታሪኩን ሁሉ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «የሚያስመልሰው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ወይስ በሩን ስትከፍት ገና መንቀጥቀጥ ይጀምራል?» እውነቱን ነገርኳት። በመጀመሪያው ወር ከተንቀሳቀስን በኋላ ነበር። አሁን ግን የቁልፌን ድምፅ ሲሰማ ከሶፋው ሥር ይገባል። «እንግዲያው ሁለት በሽታ ነው ያለው» አለች፤ አንዱ የጆሮ፣ አንዱ የፍርሃት። ቡችሎች የውስጥ ጆሯቸው ገና ስላልጠነከረ ብዙዎቹ መኪና ያጥወለውላቸዋል፤ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ቡቺ ግን ጆሮው ሳይጠነክር ልቡ ቀድሞ ተማረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉት የለ? የእሱ ልጥ የቁልፌ ድምፅ ነበር።

ለጆሮው ያዘዘችለት ማሮፒታንት የሚባለውን ክኒን ነው፤ የንግድ ስሙ ሴሬኒያ፣ አምራቹ ዞኤቲስ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ለውሾች የፈቀደው መድኃኒት ነው። አእምሮ ውስጥ ማስመለስን የሚያዘው ክፍል መልእክቱ እንዳይደርሰው በሩን ይዘጋበታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ ለመንገድ የሚሰጠውም ዕድሜያቸው ከ4 ወር ለዘለለ ውሾች ነው። እኔን ያስደነገጠኝ መጠኑ ነው፦ ለተራ ማስመለስ በኪሎ 2 ሚሊግራም የሚሰጠው፣ ለመኪና ሲሆን በኪሎ 8 ሚሊግራም ነው፤ አራት እጥፍ። ለእኛው አምስት ኪሎ 40 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህ የእኔ ውሻ ሒሳብ ነው፤ ጉበቱ የታመመ ውሻ ካላችሁ ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትሞክሩት። ለመንገድ ሲሆን ከሁለት ተከታታይ ቀን በላይ አይሰጥም፤ እኛም ብላክስበርግ ቅዳሜ ሄደን እሁድ የምንመለሰው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ክኒን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከጉዞው ቢያንስ 2 ሰዓት አስቀድሞ፣ ከጥቂት ምግብ ጋር ነው የሚሰጠው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ባለቤቴ ሳትቀምመው ካስቀመጠችው ሥጋ ጮማ ቆርጬ ክኒኑን እንደ ጥቅል ጎመን ጠቀለልኩት። (ከጥብስ እንዳትሰጡ፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።) ቡቺ ሳያላምጥ ዋጠው። 2 ሰዓት ጠብቀን ወጣን፤ ማናሳስ ላይ ጮማውም ክኒኑም ጋቢው ላይ ወጡ። ክኒኑ ቅርጹን እንደያዘ ነበር። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳነብ በሥብ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉ፣ መሟሟቱን ያዘገየዋል የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ከነጭራሹ ወረቀት ሳያነብ መድኃኒት የሚሰጥ አባት ለልጁ ውሻ አደራ አይታመንም፤ ይህን ያለችው ባለቤቴ ናት።

በሁለተኛው ጊዜ ጣት በማትሞላ የተቀቀለ ዶሮ ሰጠሁት፤ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን ውጦ የተጓዘባቸው ቀናት ዘጠኝ ናቸው፤ በአንዱም አላስመለሰም። ሆኖም ሁሉን ይፈውሳል ብዬ አልሸጥላችሁም። ማስመለሱን ያቆማል እንጂ ማቅለሽለሹን እኩል አያጠፋም፤ አሁንም ከንፈሩን ይልሳል፣ አንዳንዴ ለሃጩ ይወርዳል። ከዋጠው በኋላም ትንሽ ይፈዛል። ፍርሃቱን ደግሞ ጨርሶ አልነካውም። ሳያስመልስ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነጠላው ቢድንም ለውሻው ይህ ኑሮ አይደለም።

ለፍርሃቱ ሐኪሟ ትራዞዶን ሰጥታን ነበር፤ መጀመሪያ ጉዞ በሌለበት ቀን ቤት ውስጥ ሞክሩት ብላ። ሞከርነው፤ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳግዶ ተኛ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቅመን ከእርሷ ጋር ተማክረን ተውነው። ለባሰበት ውሻ ይጠቅማል ትላለች። ድሮ የሚሰጠው አሴፕሮማዚን የሚባለው ግን ብቻውን ሲሆን እግሩን አስሮ ፍርሃቱን ውስጡ የሚተው በመሆኑ እንደማትወደው ነገረችኝ። ያ ሐውልት በሰደርያ ትዝ አለኝ።

ፍርሃቱን የፈታው ምንም ዋጋ የሌለው ነገር ነው፤ የቆመ መኪና። ሥራ የማልወጣባቸውን ጠዋቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዚህ ሰጠሁ። በመጀመሪያው ቀን የመኪናውን አራት በር ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ የዶሮ ቁራጮች ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ቡቺ ሦስት ሜትር ርቆ ቆመ። አልጎተትኩትም። አንድ ቁራጭ ወረወርኩለት፣ በላ፣ ወደ ቤት ገባን። አላፊ አግዳሚው የሚያየው በሮቹን ሁሉ የከፈተ ታክሲና ለመኪና ዶሮ የሚወረውር ሽበታም ሐበሻ ነው። በአራተኛው ቀን የፊት እግሮቹን ጫነ። በስድስተኛው ራሱ ዘሎ ገባ፤ ገብቶ እንደ ደንበኛ ተሳፋሪ «ወዴት ነው?» በሚል ዓይን አየኝ። ሞተር ማስነሳት የጀመርኩት በዘጠነኛው ነው፤ ወደ ኋላ አንድ መኪና ርቀት ሄጄ መመለስ በአሥራ ሁለተኛው። ባዛጋ ቁጥር ወደ ትናንቱ ደረጃ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ፎርት ዋርድ መናፈሻ ድረስ ነዳሁት፤ እዚያ ወርዶ ዛፍ ሁሉ እያሸተተ ሮጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪና ማለት ለእሱ ወይ መርፌ ወይ ማስመለስ ነበር።

አሁን ወደ አነዳዴ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ኩራቴ የተሰበረው። 19 ዓመት የነዳ ሰው ለስላሳ እነዳለሁ ብሎ ያምናል። ልጄ በስልክ «አባዬ፣ ምናልባት ፍሬንህ ይሆናል» ስትለኝ ተቆጣሁ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጣት እስኪቀረው ሞልቼ ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ አኑሬ ሠፈሩን ዞርኩ። ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ለካ ተሳፋሪ ባለጌ ካልሆነ አይናገርም። አሁን ከፊቴ ቀይ መብራት ሳይ ገና ከሩቅ እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ፤ መኪናው ሊቆም ሲል ፍሬኑን ትንሽ አላላለታለሁ፤ ያ የመጨረሻው ንቅናቄ ነው ሆድ የሚገለብጠው። ኩርባ ላይ ከመግባቴ በፊት ነው ፍጥነት የምቀንሰው፤ ውስጥ ገብቼ አልቀንስም። መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፍቼ ቀዝቃዛ አየር አስገባለሁ፤ ሽቶ የሚነዛውን የመኪና ማንጠልጠያ ጥዬዋለሁ። ብርጭቆው አሁን ጠብታ አይደፋም። የደንበኞቼም ጉርሻ ጨምሯል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ገንዘቤ ያላስቆጨኝ ጠንካራው የጉዞ ሳጥን ነው፤ 74 ዶላር። ፕላስቲክ ነው፣ በሩ የብረት ፍርግርግ፣ ተገንጥሎ ይታጠባል። ውሻው ቆሞ፣ ዞሮ ለመተኛት የሚበቃው ከሆነ በቂ ነው፤ ሰፊ ከሆነ ውስጡ ይንከባለላል። እንዳይወዛወዝ በቀበቶ አሥሬ፣ ሦስት ጎኑን በጋቢው ሸፍኜ፣ ፊቱን ብቻ እተውለታለሁ። በመስኮት ማየት ያጥወለውለዋል ወይስ ያሽለዋል የሚለው እንደየውሻው ነው፤ የእኛው ሳያይ ይሻለዋል። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ሳጥኑ ላይ ለአደጋ የተፈተነ ነው የሚል ተጽፏል፣ ማን እንደፈተነው ግን አልተጻፈም። ውሻ የሚጓዝባቸውን ሳጥኖችና ማሠሪያዎች በግጭት የሚፈትነው ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የሚያሳልፋቸው ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውም ከእኔው ሳጥን ከፍ ይላል። ገንዘብ ሳጠራቅም የምቀይረው እርሱን ነው። እስከዚያው ግን በእቅፍ ወይም በፊት መቀመጫ ከመሄድ ይሻላል፤ የአየር ከረጢቱ ሲፈነዳ አምስት ኪሎ ውሻ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ታክሲ ነጂ መሆን አያስፈልግም።

ባለፈው ጥቅምት እንደገና ብላክስበርግ ሄድን። ክኒኑን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሰጠሁት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወጣን። ሃሪሰንበርግ ላይ ዘወር ብዬ ባየው ተኝቷል። ሌክሲንግተን አካባቢ ወርዶ ሽንቱን ሸና፣ ውሃ ላሰ፣ ራሱ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሮአኖክን ካለፍን በኋላ ለሃጩ መጣ፤ ቆመን አሥር ደቂቃ አየር አገኘ። 5 ሰዓት ፈጀብን። ልጄ ከማደሪያዋ ወጥታ እናቷን አቅፋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እማዬ፣ ነጠላሽ የት አለ?» የሚል ነበር። ነጠላው በሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ባለቤቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ አታምነውም።

ሰሞኑን መድኃኒቱን ለማሳደስ ሄጄ ሐኪሟ ሚዛን ላይ አወጣችው። 5.9 ኪሎ። ያ ሁሉ የሥልጠና ዶሮ የት ይሄዳል? ክብደቱ ስለጨመረ የክኒኑ መጠን እንደገና ተሰላ፤ ዶሮውም በካሮት እንዲተካ ታዘዘ። ቡና ቤት ገብቼ ይህን ስነግራቸው ጓደኞቼ ስሙን ወደ «ስድስት ኪሎ» እናሳድገው ብለው ተነሱ። ገና 100 ግራም ይቀረዋል ብዬ ከለከልኳቸው።